የታገደው ወንድም

ግሪኒች፣ ኮነቲከት
ሴፕቴምበር 9 ቀን 2012

ውድ ወንድሜ ኦሪን፣

እንደምን ሰንብተሃል? ቬርናስ እንዴት ናት፣ ጉልበቷን ተሻላት? ልጃችሁ ሎሬታስ? የዘንድሮው ድርቅ ነብራስካ ላይ በርትቷል ሲባል ሰምቼ አስቤአችኋለሁ። እኔ ደኅና ነኝ፤ ከሚገባኝ በላይ ደኅና ነኝ። ሰላምታዬን እንዲህ የማንዛዛው ወደ ዋናው ነገር መግባት ስለፈራሁ መሆኑ አይጠፋህም። ልጅ ሆኜ መስኮት በሰበርኩ ቁጥር እናታችንን አስቀድሜ የምጠይቃት ስለ ዶሮዎቿ ጤና ነበር።

እንግዲህ መስኮቱ ይኸውልህ። ባለፈው ዓርብ በእናንተው ፋብሪካ በብራንድሌት ላይ የነበረንን ውርርድ ዘግተን ወጣን። ሁለት ዓመት ሙሉ ስልክህን ያላነሳሁት በዚህ ምክንያት ነው። የቢሮአችን የሕግ ተቆጣጣሪ ወይዘሮ ሎሪንግ ያኔ ነግራህ ይሆናል፤ እኔ ግን በራሴ አፍ አልነገርኩህምና ልናገር። አንድ ኩባንያ ይወድቃል ብለን ስንወራረድ አክሲዮኑን ከሌላ ሰው ተበድረን ዛሬ በውዱ እንሸጠዋለን፤ ሲረክስ ገዝተን እንመልሳለን። በዚያ መካከል ከኩባንያው ሰው አፍ ሕዝብ ያልሰማውን አንድ ነገር ከሰማሁ እጄ ይታሰራል፤ መግዛትም መሸጥም አልችልም። አንተ ደግሞ የብራንድሌት የድርቆሽ ማሰሪያ ማሽን መገጣጠሚያ አለቃ ነበርክ። «ዛሬ የሌሊቱን ፈረቃ ሰረዙብን» ብትለኝ ብቻ ሥራችን ቆሞ ይቀር ነበር። ስለዚህ ስምህን እንዳናናግራቸው ከታገዱት ሰዎች ጋር አስገባነው። የቬርናንም ጭምር። የፈረምኩት እኔ ነኝ።

አሁን እገዳው ተነስቷል። ከዓርብ ጀምሮ እየደወልኩ ነው፤ ቬርና ግን ሁልጊዜ «ጎተራ ነው» ትለኛለች። ጎተራው ውስጥ ምን አለ? የፈለገው ይኑር፣ ውጣና ደውልልኝ። ያኔ ደጋግመህ የደወልክልኝስ ለምን ነበር? ይህን ነገር ሳልሰማው ልቤ አያርፍም። ድምፅህ ናፍቆኛል፤ ይኸው አልኩት።

ሌላም ወሬ አለኝ። በዓመቱ መጨረሻ የሰው ገንዘብ የማነግድበትን ፈንድ ልዘጋው ነው። ለባለገንዘቦቹ ገንዘባቸውን መልሼ ቤቴ እቀመጣለሁ። አንዲት አሳታሚ ደግሞ የሕይወት ታሪክህን ጻፍ ብላ ይዛኛለች። መጀመሪያው ምዕራፍ ላይ በዘጠኝ ዓመቴ በአባታችን የከብት ጨረታ ጥጃዬን ሸጬ ያተረፍኩበትን ቀን አስገብቻለሁ። የጥጃዋ ስም ግን ጠፋብኝ። አንተ ታስታውሰዋለህ?

ኢሜይል እንደማትከፍት ስለማውቅ በእጄ ጻፍኩልህ። ጽሑፌ የዶሮ ጭረት ከመሰለህ ታገሠኝ። ደውልልኝ።

ወንድምህ ሌላንድ


ክሌይ ፎርክ፣ ነብራስካ
ሴፕቴምበር 19

ሌላንድ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። የቬርና ጉልበት የሚያማት ሲዘንብ ነው፤ ዘንድሮ ስላልዘነበ እንደ ልጃገረድ ትራመዳለች። በቆሎው ግን ቆሞ ደረቀ። ሎሬታ ሱ ፎልስ ከተማ ነርስ ሆናለች፤ «ኑና እኔ ዘንድ ኑሩ» እያለች ትነዘንዘናለች።

የጥጃዋ ስም ቢስኪት ነበር። የቀረውን መጽሐፍህ ይዋሻል። ጥጃዋን አልሸጥካትም። ገመዷን ይዘህ ወደ አጥሩ መሃል ገባህ፤ አባታችን የጨረታ ጥሪውን ጀመረ፤ ሰው እጁን ማውጣት ሲጀምር አንገቷ ላይ ተጠምጥመህ አገር እስኪሰማ አለቀስክ። አባታችን «ዕቃው ከገበያ ወጥቷል!» ብሎ ሕዝቡን አሳቀና አንተንም እሷንም አባረራችሁ። በማግስቱ ለጎረቤት የሸጥኳት እኔ ነኝ። ገንዘቡን ለአንተ የሰጠሁህ ለቅሶህን እንድታቆም ነው፤ አንድ አልጋ ላይ ነበር የምንተኛው፣ አላስተኛ አልከኝ። ለአሳታሚዋ ይህንን ስጣት፤ ቢያንስ አንድ አንባቢ ይወድሃል።

ፖስታው ጀርባ ላይ በእርሳስ የጫርካትን፣ «ሰዉ ስለ እኔ ምን ይላል?» የምትለዋንም አየኋት። መስማት ካማረህ ልንገርህ። ፋብሪካው ጁላይ ላይ ተዘጋ፤ ይህን ካንተ ቀድሞ ያወቀ የለም። ባርት ኪስሊንግን ታስታውሰዋለህ፣ በያጁን? ባለፈው ሳምንት ቡና ቤት ተቀምጠን በሰው ሁሉ ፊት፣ «የኦሪን ወንድም እኮ ቀባሪ ነው፤ ልዩነቱ ሰውዬው ሳይሞት መለካት መጀመሩ ነው» አለ። ትከሻዬ እስኪንቀጠቀጥ ሳቅሁ። እውነቱን ለመናገር ማሽኖቹ እንደማይሸጡ እኛም እናውቅ ነበር። ፋብሪካውን አንተ አልገደልከውም፤ ሲያጣጥር አይተህ ተወራረድክበት እንጂ። ሰዉን የከነከነው ግን እሱ ነው። ዘመድ ሲያጣጥር ቢያንስ አጠገቡ ቁጭ ይባላል።

የደወልኩበትን ነገር ተወው፤ ጊዜው አልፎበታል። ስልኩንም ተወው። ጻፍልኝ። ደብዳቤ ወድጃለሁ።

ኦሪን


ግሪኒች
ኦክቶበር 3

ወንድምዓለም፣

ስለ ቢስኪት የጻፍከውን ለአሳታሚዋ አነበብኩላት። ሳቀችና «ይኼ ይሻላል» አለች። ይህን ያህል ዘመን ጥጃዋን ሸጥኳት እያልኩ ለስንቱ ባለገንዘብ እንዳወራሁ ብታውቅ! እኔ ራሴ አምኜው ነበር። ሰው ራሱን የሚያታልለው ሌላውን ሲያታልል ለምዶ ይሆናል።

ሥራውን እንዴት እንደጀመርኩ ጠይቀህ አታውቅም፤ እኔም ነግሬህ አላውቅም። ቢሮአችን ከኮርቻ መሸጫ ሱቅ በላይ ያለች አንዲት ክፍል ነበረች። እኔና አንድ የሂሳብ ሠራተኛ ነበርን፤ ልብሳችን ሁሉ ቆዳ ቆዳ ይሸት ነበር። የመጀመሪያዎቹ ባለገንዘቦቻችን የጥርስ ሐኪሞች ነበሩ። «አንተ ከሌላው በምን ትለያለህ?» ሲሉኝ፣ «የአጫራች ልጅ ነኝ፤ ሰው እጁን ከማውጣቱ በፊት ዓይኑ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ» እላቸዋለሁ። ወደዱት። ውሸትም አልነበረም። የኩባንያ አለቆች ሲናገሩ የሚሉትን ትቼ የሚዘሉትን አዳምጣለሁ። በ2001 አገሩ ሁሉ ሲከስር እኛ አተረፍን፤ በ2008 ደግሞ ይበልጥ አተረፍን። ከዚያ ወዲያ ጋዜጦች ስሜን ለመዱት፤ ከኮርቻ ቤቱ ወጥተን ባሕሩ ፊት ለፊት ያለ ሕንፃ ገባን። ገና ጎሕ ሳይቀድ ተነስቼ የእስያን ገበያ አያለሁ፤ እራት ላይ ደግሞ የነገውን አስባለሁ። ባለቤቴ አዴል ስትሄድ እንኳ አልተጣላችኝም። «ሌላንድ፣ አንተ ሁልጊዜ ትክክል ነህ፤ እኔ ደክሞኛል» አለችኝና ሻንጣዋን ራሷ ይዛ ወጣች። እኔ ያኔ ምን አሰብኩ መሰለህ? ትክክል ነህ ያለችኝን ወደድኩት።

ብራንድሌትንም ያገኘሁት እንደ ሌሎቹ ነው። ተሸጡ የተባሉት ማሽኖች በየነጋዴው ግቢ ዝናብ ሲመታቸው ከአየር ላይ ፎቶ አስነሳሁ። የት እንደሚሠሩ ማወቅ አላስፈለገኝም፤ አውቃለሁ። የቢሮዬ ልጆች «የትውልድ ከተማህ አይደለም ወይ?» ሲሉኝ፣ «ለዚህ ነው ከእናንተ በላይ የማውቀው» አልኳቸው። ከንግግሬ ሁሉ ዛሬ የሚቆጨኝ ይኼ ነው።

አሁን የተናደድኩበትን ልንገርህ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ደወልኩ። ሰው አነሳ። «ኦሪን?» አልኩ። መልስ የለም፤ ትንፋሽ ብቻ። ትንፋሹ ትንሽ ቆየና ስልኩ ተዘጋ። አንተ ነበርክ፤ ሌላ ማን ሊሆን? ልትቀጣኝ ፈልገህ ከሆነ ይገባኛል፣ ቅጣኝ። ስደበኝ፣ እርገመኝ፣ እስኪበቃህ ጩህብኝ። አባታችን ከሞተ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ጋሪ ላይ ቆመህ ለወረዳው ሁሉ የምትጮኽ አጫራች፣ ለገዛ ወንድምህ አንዲት ቃል አጣህ? ይህ ቅጣት አይደለም፤ የሕፃን ኩርፊያ ነው። ከአንተ አልጠበቅሁም።

ሌላንድ


ክሌይ ፎርክ
ኦክቶበር 12

ሌላንድ፣

እሑድ ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ቬርና ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ስልኩ ሲጮኽ እንደ ድሮዬ ብድግ ብዬ አነሳሁት፤ ረስቼው። «ኦሪን?» ስትል አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ትዝ አለኝ።

ድምፅ የለኝም። ካንሰር ማንቁርቴን ይዞት ነበርና ባለፈው ዓመት ማርች ላይ ኦማሃ ወስደው አወጡት። የምተነፍሰው አንገቴ ላይ ባለች ቀዳዳ ነው፤ የሰማኸውም እሱን ነው። በሽታው እስካሁን አልተመለሰም፤ ሐኪሞቹ ከእኔ በላይ ደስ ብሏቸዋል። ወሬ የማወራው በትንሽ ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ነው። ባርት ጽፌ ሳልጨርስ ሰሌዳውን ይቀማኝና የራሱን ክርክር ይጽፍበታል፤ ከዚህ በፊት ክርክር አሸንፎኝ አያውቅም ነበር፣ አሁን ቀናው። ጨረታ መጥራቴ ግን ቀረ። ከሁሉ ያንገበገበኝ እሱ ነው፤ ሌላው ይለመዳል።

ሦስት ጊዜ የደወልኩልህ ያኔ ነው፤ ሆስፒታል ከመግባቴ በፊት በነበረው ሳምንት። ምን ልትለኝ ነበር ትለኛለህ። ምንም። ስለ ዝናብ፣ ስለ ባርት፣ ስለ መጣልን ነገር እናወራለን ብዬ ነው። ከዚያ በኋላ ማውራት ስለማልችል፣ ድምፄ እያለ ካንተ ጋር ላውራ ብዬ።

በሦስተኛው ጊዜ ያቺ ወይዘሮ ሎሪንግ አነሳችው። ደግ ሴት ናት። «ጉዳዩ የፋብሪካው ካልሆነ ለእኔ ይንገሩኝ፣ እኔ አደርስልዎታለሁ» አለችኝ። «የሥራ ነገር አይደለም» አልኳት። ድምፄ ያኔም ሻክሮ ነበርና፣ «አሞዎታል እንዴ?» አለች። «ደኅና ነኝ። ሌላንድ ራሱ ያንሳ» አልኳትና ዘጋሁት።

እዚህ ላይ የኔም ጥፋት አለበት። ታምሜአለሁ ብል ኖሮ በማግስቱ እንደምትደርስ አውቃለሁ። ለታመመ ወንድም ማንም ሰው ስልክ ያነሳል። እኔ ለደኅናው ወንድም ታነሳ እንደሆነ ነበር ማየት የፈለግሁት። እንግዲህ እኔም በበኩሌ ተወራረድኩ፤ ከሰርኩ። አንዲት ቃል ብተነፍስ የሁለታችንም ነገር ሌላ ይሆን ነበር። ኩራት የአባታችን ውርስ ነው፤ እኩል ነው የተካፈልነው።

ቬርና ሳትነግርህ የቆየችው እኔ ስላስማልኳት ነው፤ አትቀየማት። ማዘንህ አይቀርም፤ ግን በልኩ እዘን።

ኦሪን


ግሪኒች
ኦክቶበር 18

ኦሪን፣

የሕፃን ኩርፊያ አልኩህ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የብዕሩስ በምን ይታሻል? ያንን ደብዳቤ ከእጅህ ነጥቄ ብቀደው በወደድኩ። አንተ ስልኩን ይዘህ አፍህን ከፍተህ ቆመህ፣ እኔ እዚህ ሆኜ ስበሳጭ ይታየኛል፤ ሌላ ነገር አይታየኝም።

ደብዳቤህን እንደያዝኩ ወይዘሮ ሎሪንግ ክፍል ገባሁ። አንብባ ስትጨርስ መነጽሯን አወለቀች። «ያን ቀን በሩን ከፍቼ፣ ወንድምህ መስመር ላይ ነው፣ የሥራ አይደለም ይላል አልኩህ» አለችኝ። «እኔ ምን አልኩሽ?» አልኳት። «‹ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት› አልከኝ» አለች። አላስታውሰውም፣ ኦሪን። ያልኩትን አላስታውሰውም፤ እሷ ግን አትዋሽም።

ሌላም ጠየቅኋት። ሕጉ በእርግጥ ከወንድሜ ጋር አታውራ ይላል ወይ? ጠበቃ ስለሆነች ቃሏን መርጣ ተናገረች። «ሕጉ የሚለው በሰማኸው ነገር አትነግድ ነው። ጨርሶ አታናግሩ የሚለውን ደንብ ያወጣኸው አንተ ነህ። እኔ እንዲያውም በዛ ብዬህ ነበር።» እውነቷን ነው። ባለገንዘቦቼ ይህን ደንብ ይወዱት ነበር። ጥንቃቄአችንን ሲጠይቁኝ፣ በየዓመቱ ስብሰባ ላይ፣ «እኔ የገዛ ወንድሜን እንኳ አላናግርም!» እላቸው ነበር። ያጨበጭቡ ነበር። አዳራሽ ሙሉ ሰው ያጨበጭብልኝ ነበር።

ሂውስተን ውስጥ ከዚህ በሽታ ሌላ የማያይ አንድ ሐኪም አለ፤ አነጋግሬዋለሁ። ሎንዶን ደግሞ ለሰው ድምፅ የሚሠሩ መሐንዲሶች አሉ ብለውኛል። አውሮፕላን እልክልሃለሁ፤ ቬርናም ትምጣ። የሚፈጀውን ይፍጅ። ካልሆነ ነገውኑ እኔ ልምጣ። ምን ላድርግ? ንገረኝና ላድርገው።

ሌላንድ


ክሌይ ፎርክ
ኦክቶበር 26

ሌላንድ፣

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ሐኪሞችህን ባሉበት ተዋቸው፤ አውሮፕላኑንም አቁመው። አንገት ላይ የሚደገን መሣሪያ እዚህም ሰጥተውኛል። ሞከርኩት፤ ድምፁ ክረምት ላይ አልነሳ ያለ ትራክተር ነው የሚመስለው። ቬርና አለቀሰች፣ ውሻው አልጋ ሥር ገባ። መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

መምጣት ከፈለግህ ግን ሥራ አለልህ። የሎሬታ ንዝነዛ አሸነፈንና ቤቱን ሸጠን ሱ ፎልስ ልንገባ ነው። ኖቬምበር 10፣ ቅዳሜ፣ የጎተራውንና የቤቱን ዕቃ በጨረታ እናወጣለን። አጫራች ከሌላ ወረዳ ማምጣት እችላለሁ፤ አልፈልግም። የአባታችንን ጥሪ ከእኔ ሌላ የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ። የኔን ከእንግዲህ ማንም አይሰማውም። ጋሪው ላይ ውጣና አንተ ጥራልኝ። አንድ ጊዜ ልስማው።

አስቀድሜ ልንገርህ፤ ሰዉ የሚመጣው ለዕቃው ነው እንጂ ለአንተ ብሎ አይደለም። ባርት፣ «እሱ ከጠራ እጄን ከኪሴ አላወጣም» ብሎ በሰሌዳዬ ላይ ጽፎልኛል፤ መናገር እየቻለ! ሌሎቹም የተማከሩ ይመስለኛል። ፈርተህ ብትቀር አልቀየምህም።

ከመጣህ ያንን የከተማ ካፖርት አትልበስ። ቀስ ብለህ ጀምር፤ አንተ ልጅ ሆነህም ትቸኩል ነበር። የሌለ እጅ አየሁ ብለህ ዋጋ አትጨምር። ባለዕቃ በገዛ ዕቃው እንደማይጫረትም ታውቃለህ፤ አባታችን በዚህ ነገር የገዛ ወንድሙን ከግቢ አስወጥቶት እስኪሞት አላናገረውም። የቀረውን ምላስህ ራሱ ያስታውሰዋል። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ሾርባ ያመጣሉ፤ ቬርና ፓይ ትጋግራለች።

ኦሪን


ግሪኒች
ኖቬምበር 2

ኦሪን፣

እመጣለሁ። የሰሞኑ ማዕበል መብራታችንን አጥፍቶታል፤ ይህን የምጽፍልህ መስኮት ሥር ተቀምጬ ነው። ዛፎቹ ወድቀው መንገዱን ስለዘጉት ማንም ወደ ሥራ አልሄደም። የአክሲዮን ገበያውም ሁለት ቀን ተዘግቶ ነበር። ደስ ብሎኛል፤ በዚህ ሁሉ ዓመት ገበያው ሲዘጋ ደስ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ሳሎን ውስጥ ብቻዬን ቆሜ ጥሪውን ስለማመድ ዋልኩ። ወንበሮቹን ሸጥኩ፣ ምንጣፉን ሸጥኩ፣ አዴል ትታው የሄደችውን ፒያኖ ሸጥኩ። ዛፉን ሊቆርጥ የመጣው ሰውዬ በመስኮት አየኝና፣ «ጌታዬ፣ ደኅና ነዎት?» አለኝ። ምን ልበለው? ደኅና ነኝ አልኩት።

ባርት ያለውን ሰምቻለሁ። እፈራለሁ፣ አልዋሽህም። እነዚያ ሰዎች ፊት ከምቆም ስንት ዳኛ ፊት ብቆም ይቀለኛል። ግን ምን ላድርግ ብዬ ጠይቄህ ነበር፤ የጠየቅከኝ ይህንን ብቻ ነው።

ሌላንድ


ግሪኒች
ኖቬምበር 14

ውድ ወንድሜ፣

በሰላም ገባሁ። ቬርና የቋጠረችልኝን ፓይ ቤቴ ሳልደርስ ጨረስኩት፤ ንገራትና ደስ ይበላት። ጉልበቷን ደግሞ ትጠንቀቅ፤ ያን ሁሉ ሳጥን ለምን እንደምትሸከም አልገባኝም።

እሑድ ጧት ተለያይተን መኪና ውስጥ እስክገባ ድረስ ልነግርህ ያሰብኩት ነገር ከአፌ አልወጣ አለኝ። አንተ ሰሌዳህን ይዘህ ትጠብቅ ነበር፤ እኔ ስለ አየሩ ሁኔታ ቀባጠርኩ። እንግዲህ ልጻፈው። ቅዳሜ ዕለት አንተ ከሕዝቡ ኋላ፣ ጎተራው በር ላይ ነበርክና የሰዉን ጀርባ ነው ያየኸው። ፊታቸውን ያየሁት እኔ ነኝ።

መጀመሪያ የወጣው ዕቃ የሰንሰለት ክምር ነበር። በአምስት ዶላር ጀመርኩ። ጥሪው ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ከአፌ ሲወጣ የአባታችን ነበር፣ ትንሽ ያንተም። ለአፍታ ደስ አለኝ። አንተም ዓይንህን ጨፍነህ ትሰማ ነበር፤ አየሁህ። ከዚያ ሰዉን አየሁ። ሁሉም እጁን ኪሱ ከቶ ቀጥ ብሎ ያየኛል። የሰደበኝ የለም፤ ፊቱን ያዞረም የለም። ወደ ሦስት ወረድኩ፤ ወደ ሁለት፤ ወደ አንድ። ሰው ሁልጊዜ ዕቃ ሲረክስ እጁ ይበላዋል፤ እነሱን ግን አልበላቸውም። ጠራሁ፣ ጠራሁ። የሚመልስልኝ ጠፋ። ነፋሱ ብቻ የጎተራውን ቆርቆሮ ያንኳኳል። ሰው ጠርቶ መልስ ሲያጣ ምን እንደሚሆን ያን ጊዜ ገባኝ። የሥራዬ ልማድ ደግሞ ነገር ሲበላሽ ቶሎ ጥሎ መውጣት ነው። ከጋሪው ለመውረድ ዞር ብዬ ነበር።

ከኋላ እጅ ወጣ። ያንተ ነው።

«ኧረ ኦሪን፣ ባለዕቃ አይጫረትም እኮ!» አለ አንዱ። ሰዉ ሁሉ ወደ አንተ ዞረ። ፊትህ ቀላ፤ እጅህን ግን አላወረድከውም። ዕድሜህን ሙሉ በዚያ ወረዳ ስትጠራ አንዲት ደንብ አፍርሰህ የማታውቅ ሰው፣ አብረህ ባረጀሃቸው ጎረቤቶችህ ፊት፣ የገዛ ሰንሰለትህን በአንድ ዶላር ልትገዛ እጅህን አውጥተህ ቆምክ። እኔ ብቻዬን እየጮኽኩ እንዳልቀር።

«አንድ ዶላር ከኦሪን ትሩስዴል» አልኩ። አንደኛ አልኩ። ሁለተኛ አልኩ። ሦስተኛው አልወጣ አለኝ። ባርት ኪስሊንግ ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፍቶ አንተን ትክ ብሎ አየህ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረና፣ «ተሸጠ በለውና ቀጥል እንጂ ሰውዬ፣ በረደን!» አለ። ቀጥሎ በወጣው ዕቃ ላይ መጀመሪያ እጁን ያወጣው እሱ ነው። ለእኔ ብሎ እንዳልሆነ አውቃለሁ። አንተ ብቻህን እጅህን አውጥተህ ቆመህ ማየት አላስቻለውም። የቀሩትም እንደዚያው።

ከዚያ ወዲያ ያለውን አንተም ታውቀዋለህ፤ ምሳ ሳይደርስ ሁሉም ተሸጦ አለቀ። ሰዎች ሾርባቸውን ጠጥተው፣ አንተን እየጨበጡ፣ በአጠገቤ አልፈው ሄዱ። አልከፋኝም።

ለአሳታሚዋ መጽሐፉን እንደተውኩት ነገርኳት። ለባለገንዘቦቹ የምጽፈውን የመጨረሻ ደብዳቤ ግን እየጻፍኩ ነው፤ ስለ ትርፉ ይጠብቃሉ፣ እነግራቸዋለሁ። ለአንተ የምጽፈው ሌላ ነው። ወይዘሮ ሎሪንግ በሩን ስትከፍት ስልኩ ፊቴ ነበር። ገበያው ተዘግቶ ነበር፤ በእጄ የያዝኩት ሥራ አልነበረም። ማንሳት እችል ነበር፣ ኦሪን። ማንሳት ነበረብኝ።

ሌላንድ